ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣው ፒክአፕ

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ እህል ጭኜ ስመላለስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እያወጣ ጉልበት ያጣል፤ ፍሪሲዮኑም (ክላቹ) መንሸራተት ጀምሯል። መካኒኩ አራቱም ኢንጀክተሮች (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት) ይቀየሩ ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(ከአዘዞ አንባቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኢንጀክተር ከውድ መለዋወጫዎች አንዱ በመሆኑ ሳይመረመር እንዲቀየር ፈጽሞ አይፍቀዱ። ጥቁር ጭስ የሚወጣው ናፍጣው ከሚገባው አየር ሲበዛ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ ደባርቅም ከዚያ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም የተሰነጠቀ የቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) ቱቦ እዚህ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይሰማል። እነዚህን ማስፈተሽ የሚያስወጣው ከአንድ ኢንጀክተር ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ጭሱ ከቀጠለ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው በመሞከሪያ ማሽን ይፈተሹ፤ የተበላሸው ሲታወቅ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። የናፍጣ ማጣሪያውንም አብረው ይቀይሩ፤ ውሃና ቆሻሻ የኢንጀክተር ዋነኛ ጠላቶች ናቸውና።

በፍሪሲዮኑ ላይ ግን መቆጠብ ያከስራል። ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረዱ ስለማይቀር የፍሪሲዮኑን ክፍሎች፣ ማለትም ዲስኩን፣ ዲስኩን የሚጫነውን ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታውን በአንድ የእጅ ዋጋ ያስቀይሩ፤ ቮላኖውም (ዲስኩ የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) መቃጠል አለመቃጠሉ ይታይ። የመለዋወጫውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የዚህ ዓይነት ፒክአፖች አብዛኞቹ አንድ ቶን ግድም እንዲጭኑ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከ10 ኩንታል በላይ ጭነው ከሆነ አዲሱም ፍሪሲዮን አይበረክትልዎትም።