በሶፍት ተጠቅልሎ የመጣ ጥርስ

ልጆቼ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በኮዬ ፈጬ ክሊኒኮች ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች ነው የምጽፈው።

መንቀል ላይ እጃችሁ ተፈቷል። የወለቀ ጥርስ መመለስ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ቀጠሮ አይዝም።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከጋሪ ላይ ወድቆ መጣ። እናቱ የፊት ጥርሱን በሶፍት ጠቅልላ ይዛለች። ንጹሕ ይሁን ብዬ ስሩን ፍቄ ፍቄ አነጣሁት። መለስኩት፣ ያዘ። እናቱም መረቀችኝ። ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ሕያው ክሮች ግን ያሉት ስሩ ላይ ነበር። የተረፈ ካለ እኔው ፍቄ ጣልኩት። ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣበቀ። ልጁ ሲያድግ ጎረቤት ጥርሶቹ ወረዱ፤ እሱ አጭር ሆኖ ቀረ። ስሩም ቀስ በቀስ ተበላ። 13 ዓመት ሳይሞላው ወጣ። የልጁ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ወላጅ ሲደውል "ቶሎ አምጡት" ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ስሩን ሳይነኩ ነጩን ይያዙ። ከቆሸሸ በወተት ለቅለቅ አድርገው እዚያው ቦታው ይመልሱት፤ ልጁም ንጹሕ ጨርቅ ይንከስበት። ካልደፈሩ ወተት ውስጥ ከተው ያምጡት። በእኛ ዳርቻ ላም ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ወተት ከታጣ ልጁ ኩባያ ውስጥ ምራቁን ይትፋበት። ውሃ ውስጥ ግን አይዘፍዝፉት። ደርቆ 60 ደቂቃ ካለፈው ክሮቹ ሞተዋል በሉ። የወተት ጥርስ ከሆነስ? አትመልሱት፤ ከሥሩ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

ይህን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ የጥርስ አደጋ መመሪያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እጅ ግን በንባብ አይፈታም። በዓል ሲደርስ የበግ ጭንቅላት ለምኑ። የምትፈልጉት የታችኛውን መንጋጋ ነው፤ በግ ላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። አንዱን ነቅላችሁ መልሱት። ከ0.4 ሚሊሜትር ባልወፈረ ሽቦና ኮምፖዚት በሚባለው የጥርስ መሙያ ከጎረቤቶቹ ጋር እሰሩት። ግጥም አድርጋችሁ አትሰሩ፤ ትንሽ መላወስ አለበት። እንዲህ አምስት ስድስቴ ከሠራችሁ፣ እውነተኛው ልጅ እያለቀሰ ሲመጣ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም። የክሊኒክ ባለቤቶችም ለዚህ በወር ግማሽ ቀን ብትሰጧቸው ምን አለበት?

ሌላው የሚያሳስበኝ ክትትል ነው። ሽቦው በ2 ሳምንት ይፈታል። ስሩ አድጎ ጫፉ የተዘጋ ከሆነ የነርቭ ሕክምናውም በዚያው 2 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ያላመመው ሰው ግን አይመለስም። የእናቲቱን ስልክ ካርዱ ላይ ጻፉ። በ10ኛው ቀን ራሳችሁ ደውሉላት።