ብዙ እየሮጥኩ ለምን ተቀያሪ ሆንኩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ። ዕድሜዬ 19 ነው፤ መሀል ሜዳ ላይ እጫወታለሁ። ዘንድሮ ወደ ዋናው ቡድን አድጌያለሁ። ከጨዋታ በኋላ የጂፒኤስ (የምንሮጠውን ርቀትና ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ) ውጤት ይለጠፍልናል። ሙሉ 90 ደቂቃ በተሰለፍኩባቸው ሁለት ጨዋታዎች 11.8 እና 12.1 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ። በእኔ ቦታ የሚጫወተው አምበላችን 32 ዓመቱ ነው። እሱ 10.5 እንኳ አይሞላም። ቋሚ ተሰላፊው ግን እሱ ነው። ስጠይቅ «ልምድ አለው» ይሉኛል። ልምድ ሩጫን ይተካል እንዴ? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንተ ዕድሜ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስብከነከን ነበር። ያኔ ጂፒኤስ የለም። ማስረጃዬ ላብ የጠጣ ማሊያዬ ብቻ ነበር።

አንድ ጨዋታ አይረሳኝም። ሜዳው ጭቃ ነው። ኳሷ በሄደችበት ሁሉ እከተላለሁ። አጠገቤ የሚጫወተው ሰው በ13 ዓመት ይበልጠኛል፤ ብዙውን ጊዜ ይራመዳል። ከዕረፍት በኋላ የተጋጣሚያችን አማካይ ኳስ ሲቀበል ልነጥቀው ብዬ ወጣሁ። ኳሷ በጎኔ አለፈች። ዞሬ በሙሉ ኃይሌ ተመለስኩ። ያ ሰው ግን ሦስት እርምጃ ብቻ ወደ ግራ ሄዶ ኳሷን ተቀብሏታል። እኔ ስደርስ እሱ አቀብሎ ጨርሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ያን ቀን ከሮጥኩት ብዙው የራሴን ስህተት ለመልቀም ነበር።

ልምድ ሩጫን አይተካም። ቀድመህ እንድትነሳ ግን ያደርግሃል። ኳሷ ሳትመታ የተነሳ ሰው አምስት ሜትር በሶምሶማ ሄዶ ቦታው ላይ ይገኛል። ከተመታች በኋላ የነቃው ሃያ ሜትር መብረር አለበት። ሰንጠረዡ ላይ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ፖል ብራድሊና ባልደረቦቹ የእንግሊዝን ሦስት የላይኛ ሊጎች አወዳድረው ነበር። በሰዓት ከ19.8 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት የተሮጠውን ለኩ። የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች በአማካይ 681 ሜትር ሮጡ። ሻምፒዮንሺፕ 803፣ ሊግ ዋን 881። አቅም አንሷቸው ነው እንዳትል፣ በጽናት ፈተና በሊጎቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የላይኞቹ በቅብብል ይበልጡ ነበር። እርግጥ ይህን ሁሉ ልምድ ብቻ አላመጣውም፤ የአጨዋወት ዘይቤም አለበት። ብዙ መሮጥ ብቻውን የተሻለ ተጫዋች እንደማያደርግ ግን በደንብ ያሳያል።

«ታዲያ ልራመድ?» እንዳትለኝ። ሜሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ በ35 ዓመቱ ብዙ ይራመድ ነበር፤ በዙሪያው ግን የሚሮጡለት ሰዎች ነበሩ። ሞድሪችን ደግሞ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ልክ እንደ አምበልህ 32 ዓመቱ ነበር። ክሮኤሺያ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ወደ ጭማሪ ሰዓት ስትገባ መሀል ሜዳውን ተሸክሞ ለፍጻሜ አደረሳት። ልምድ ያለው ሁሉ ጉልበቱን ይቆጥባል ማለት ስህተት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መለኪያው ልንገርህ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሽኑ «ፈጣን ሩጫ» ብሎ መቁጠር የሚጀምርበት የፍጥነት መስመር ለሁሉም አንድ ነው እንበል፤ በሰዓት 19.8 ኪሎ ሜትር። የአንተ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ 19.8 የአቅምህ 58 በመቶ ነው። የእሱ 29 ከሆነ ግን 68 በመቶ ይሆንበታል። ስለዚህ እሱ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ማሽኑ «መካከለኛ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሰውየው ግን እየተቃጠለ ነው። የአካል ብቃት አሰልጣኛችሁን በየራሳችሁ ከፍተኛ ፍጥነት የተሰላውን እንዲያሳይህ ጠይቀው። ተቀይረህ ስትገባም ጠቅላላውን ተወውና በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሮጥክ እይ። እንደ ሜዳ ሆኪ ቅያሪ በማይቆምባቸው ስፖርቶች ያለዚህ ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ሥራው። ያን የ12.1 ጨዋታ ቪዲዮ ፈልግ። በሙሉ ፍጥነት የሮጥክበት ቦታ ሁሉ ላይ አቁመው። ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ መልሰውና ያኔ ወዴት ታይ እንደነበር ተመልከት። ኳሷ ላይ አፍጥጠህ ከነበረ ሩጫው ከዚያ ነው የመጣው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት አንገታቸውን አዙረው ዙሪያቸውን እንዴት እንደሚያዩ።

ሩጫህን ግን አደራ አትቀንስ። ጉልበትህ ሀብትህ ነው። ዋናው ቡድን ውስጥ የመጀመሪያ ዓመትህ ስለሆነም ጅማትህን አዳምጥ፤ ጡንቻ ቶሎ ሲጠነክር ጅማት ወደ ኋላ ይቀራል። ሕመም ከተሰማህ ቦታዬን አጣለሁ ብለህ አትደብቅ።

አምበሉን ደግሞ አትሽሸው። ከልምምድ በኋላ ጠጋ በልና «ኳሷ ሳትደርስህ የት ነው የምታየው?» ብለህ ጠይቀው። እኔ ያንን ሰው የጠየቅኩት ጫማውን ሊሰቅል ሁለት ወር ሲቀረው ነው።