ጠገራ፣ የምኒልክ ብርና ሐራጅ፦ የሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም የሰብሳቢ ወዳጆቼ። ቃል በገባሁት መሠረት በሐራጅ ስለሚሸጡ የድሮ ገንዘቦች የምትጠይቁኝን ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። የማውቀው ጠገራና የምኒልክን ብር ነው፤ በሌላው ብዙ አትጠብቁኝ። ክብደት ሳትነግሩኝ ዋጋ አትጠይቁ። የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶ ላኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እባካችሁ አታጽዱት።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ አያቴ የተወችልኝ ጠገራ አለኝ። 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ክብደቱ የታለ? ይሁን፣ የመጀመሪያው ስለሆንክ ልለፍህ።

1780 ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና፣ ሚላን፣ ቬኒስና ፕራግ ቀርጸውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሳ መቅረጫውን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ያስቀርጽ ጀመር። ገበሬውም ነጋዴውም ከጠገራ ሌላ አልቀበልም እንደሚል ገብቶታል። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ለንደን፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይ ላይ ቀረጹ። ቪየና ዛሬም ትቀርጻለች። ስለዚህ ያንተ ጠገራ የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያየ ሊሆን ይችላል፤ ከአባትህ የሚያንስም ሊሆን ይችላል።

ሚዛን ላይ አውጣው። 28.07 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሺህ 833 እጁ ብር ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። የዕለቱን የብር ዋጋ በዚህ አባዛው፤ የተለመደ ጠገራ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከዚያ የሚያስበልጠው የጥንቱ ቅርጽ መሆኑ ከታወቀ ነው። ይህን የሚለዩት በትከሻዋ ጌጥ፣ በዘውዷ ዕንቁዎችና በንስሩ ጭራ ላባ ነው። የድሮ ነጋዴ ዕንቁውን በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር የነበረው ወዶ አይደለም።

ሳሪስ አዲሱ ሰፈር፦ እኔም 1780 የሚል አለኝ። ዋጋው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ብሩክታይት፦ እኔ ያለኝ በጣም ጠቁሮ ነበር። በሎሚና በአመድ አሽቼ አብረቀረቅኩት! ፎቶው ይኸው። አሁን ሐራጅ ቤት ብልከው ይሻላል?

መልስ፦ ወይ ጉድ። አሁን መግቢያው ላይ ምን አልኩ?

ፎቶሽን አጉልተሽ እዪው። ፊቷ ላይ ከጉንጯ እስከ አንገቷ ድረስ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ። አመዱ ነው። ሳንቲም የሚመረምሩት ኤን ጂ ሲና ፒ ሲ ጂ ኤስ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ግን «የጸዳ» ብለው ያለ ቁጥር ይመልሱታል። ሐራጅ ላይ ያንን ቃል ያየ ገዥ እጁን ያወርዳል። ያ ጥቁረት የዕድሜ ቀለም ነበር፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንዱም አይንካው።

የጎንደሯ፦ እንዴ! እናቴ የአንገቷን ጠገራዎች በየበዓሉ በሎሚ ነው የምታሻቸው። ወርቅ መስለው ይውላሉ።

መልስ፦ የእናትሽ ጌጥ ነው እህቴ። ለጌጥ ከሆነ ትሽው፣ ይመርባት። እኔ የማወራው ለሽያጭ ስለሚቀርብ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ለንደን በሚደረግ ሐራጅ ላይ የምኒልክ አንድ ብር ወጥቷል። ሳንቲሙ ላይ 1889 ይነበባል፤ ካታሎጉ ግን 1897 ብሎታል። ተሳስተው ነው ወይስ ፎርጅድ ነው? ግምቱ ከ250 እስከ 350 ፓውንድ ነው። ልግባበት?

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

አልተሳሳቱም። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፰፻፹፱ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በፈረንጅ 1896/97 ይሆናል፤ የዐድዋ ድል ማግሥት። ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎች አንዳንዴ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የግዕዙን አኃዝ ማንበብ ስለማይችሉ ፹ን እንደ ጌጥ አጣመው ይቀርጹታል። አንተ ማንበብ ትችላለህ፤ ተጠቀምበት።

ብሩ የተቀረጸው ፓሪስ ነው። ፈረንሳዮች ሲሠሩት ፊደሉ ስል ነው፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው እያንዳንዱ ፊደል እግሩ ጥርት ብሎ ይታያል። በአሸዋ ቀልጦ የወጣ ፎርጅድ ላይ የፊደሉ እግር ሰሙ እንደቀለጠ ጧፍ ይደፈጠጣል። ክብደቱ ከጠገራ ጋር አንድ ነው፣ 28 ግራም ከትንሽ። ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተደረገው። ምኒልክ ጠገራን ሊተኩበት ነበር፤ ገጠሩ ግን የለመደውን አልለቅም አለ። ለዚህም ነው ብዙው ተቀብሮ ወይም በአንጥረኛ ቀልጦ የቀረው።

አሁን ዋናው። ጠርዙን ጠይቅ! «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ተጽፎበታል። ሐራጅ ቤት ሁለቱን ፊት ያነሳና ጠርዙን ይተዋል። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በላይ፣ ልክ አናቱ ላይ ያለውን ጠርዝ አሳዩኝ በላቸው። የእኛ ሰው ብሩን ለሐብል ቀለበት ያስበይድበት ነበር። በኋላ ነጋዴው ቀለበቱን ይነቅልና ይሞርደዋል። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ፊደል ጠፍቶ ወይም ግማሹ ተበልቶ ታገኘዋለህ፤ ዙሪያው ግራጫ ነጥብ ይኖረዋል፣ የብየዳው ቅሪት። ካታሎጉ ላይ ግን «መልካም ይዞታ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው የዋጋውን ግማሽ እንኳ አያወጣም።

ስለ ዋጋው። መዶሻው 300 ላይ ቢወርድ የምትከፍለው 300 አይደለም። የገዥ ኮሚሽን 25 በመቶ ቢሆን 75 ይጨመራል። በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ታክስ፣ ሌላ 15። 390 ሆነ። ፖስታው አልተቆጠረም። ከ300 በላይ አልሄድም ካልክ እጅህን 230 ላይ ሰብስብ። ግምቱን ደግሞ አትመነው፤ ሰው ለመሳብ ዝቅ አድርገው የሚጽፉ ሞልተዋል። ያለፉ ሐራጆች ላይ በስንት እንደተሸጠ ፈልግ። ሻጭማ የፈለገውን ይጠይቃል።

ከሪያድ፦ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሒጃዝ የሚል ማኅተም የተመታበት ጠገራ አየሁ። ብርቅ ነው አሉኝ።

መልስ፦ ጠገራው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ላይ ለገበያ የተመታ ነው። በተራ ጠገራ ዋጋ ከሰጡህ ውሰድ። ብርቅ ለሚለው ቃል አትክፈል።

ቲክቶከሩ፦ የ1936 ስሙኒ በሚሊዮን ብር ይሸጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። አራት አለኝ!

መልስ፦ እንግዲህ ሚሊየነር ሆነሃል፣ ጋብዘን።

መዳብ ነው ወንድሜ። በገፍ ነው የወጣው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ታሪኩ ግን ደስ ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው ሽልንግ ከብር የተሠራ ነበር፤ መጠኑም ከስሙኒው ጋር ተቀራራቢ። ብልጣብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ አወጣ። ብር የተቀባ ስሙኒ ካገኘህ ለእኔ ንገረኝ፣ እገዛዋለሁ። በሚሊዮን አይደለም።

ቴምብር ወዳጅ፦ ስለ ምኒልክ ቴምብሮችስ?

መልስ፦ አላውቅበትም።

ከአድዋ መንገድ፦ አጎቴ ሲያርስ ትንሽ የወርቅ ሳንቲም አገኘ። ንጉሥ አለበት፣ በግራና በቀኙ ስንዴ የሚመስል ነገር። በመስቀል ፈንታ ከላይ ጨረቃ ነው ያለው። ውጭ አገር በስንት ይሸጣል?

መልስ፦ የነገርከኝ የአክሱም ነው፤ ያውም ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያለ። ዋጋ አልነግርህም። ከመሬት የወጣ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የመንግሥት ነው፤ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። አጎትህ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይሂድ። አይጠቡት፣ በጨርቅም አይወልውሉት። የተገኘበትን ቦታ በትክክል ያስታውስ፤ ለባለሙያዎቹ ከወርቁ ያላነሰ ዋጋ አለው።

መምህሩ፦ ጋሼ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር አነሱ። እንግሊዝ ሐራጅ ላይ የሚወጣው የመቅደላ ዘረፋም ቢሆን መግዛት ወንጀል መሆን አለበት። የምንገዛው እኛ ስለሆንን ነው ዋጋው የሚወደደው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ መምህር፣ ካልገዛነው የሌላ ሰው ሳሎን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶርሴት ሊሸጥ የነበረው የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫ ከሐራጁ ተነስቶ፣ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶት ነው አገሩ የገባው። ያለ ገንዘብ የመጣ አይደለም።

መምህሩ፦ የተሰረቀብህን ዕቃ ከሌባው መግዛት ነዋ! የ2024ቱ የመቅደላ ጋሻ ከኒውካስል ሐራጅ የተነሳው ኢትዮጵያ ስለጮኸች ነው።

የፒያሳው፦ ጩኸቱም ገንዘቡም ያስፈልጋል እንግዲህ።

መምህሩ፦ አንተ መጀመሪያ ጠገራህን መዝን።

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ስለ ጋሻና ስለ ብራና እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ይህ ነገር ከመጀመሪያውም ሐራጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ዘረገፈው። እዚያው ሁለት ቀን ተጫረቱበት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከመካከላቸው ቆሞ ይጫረት ነበር። 5,000 ፓውንድ ገደማ ተሰብስቦ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ስለዚህ ካታሎግ ላይ «ከአንድ መኮንን ቤተሰብ፣ 1868» የሚል ስታዩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። እኔ እንዲህ ያለውን አልጫረትም፤ ለኤምባሲው እነግራለሁ። ወደ ሳንቲም እንመለስ።

ብሩክታይት፦ ጋሼ፣ ያልነካሁት አንድ የምኒልክ ሩብ አለኝ። በምን ላስቀምጠው?

መልስ፦ ተባረኪ። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አታስገቢው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተውበታል። ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ ያለበት የካርቶን መያዣ ይሻላል። ጠርዙን ብቻ ይዘሽ አንሺው፣ ፊቱን በጣት አትንኪው።

ሳሪስ አዲሱ ሰፈር፦ መዘንኩት፣ 24 ግራም ነው። ማግኔትም ይይዘዋል። አሁንስ ዋጋው?

መልስ፦ ብር በማግኔት አይያዝም። ለልጆች መጫወቻ ስጣቸው።

የደሴ ልጅ፦ የቤተሰብ የምኒልክ ብር ውጭ ላለች እህቴ ልኬ በሐራጅ ላሽጠው?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አታስወጣ። ቦሌ ላይ ከተያዘ ብሩም ይወረሳል፣ አንተም ትጠየቃለህ። መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄደህ አሳያቸው፤ ይሁን ካሉህ ወረቀቱን ያዝ። ወረቀት ያለውን ሐራጅ ቤቱም በደስታ ይቀበላል።