«ደሙ ተመርምሮ ድባቴ ይሁን ባይፖላር ይታወቅልን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ24 ዓመት ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ከሁለት ወር በፊት ሰው ማየት ጠልቶ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት ከሳ። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ድባቴ ነው ተብሎ ፍሉኦክሰቲን በቀን 20 ሚሊ ግራም ታዘዘለት። በሦስተኛው ሳምንት መሳቅና መጫወት ጀመረ፤ ዳነልን ብለን ነበር። አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፤ የዕቁብ ብሩን ለማያውቀው ሰው አበደረ፤ ስንመክረው ይቆጣል። እንቅልፍ እንዲወስደው ብለን ጎረቤት የነገረችንን አሚትሪፕቲሊን ከፋርማሲ ገዝተን ማታ ማታ እንሰጠዋለን፤ አሥር ቀን ሆነው። ድባቴንና ባይፖላርን የሚለይ የደም ምርመራ ተገኘ ሲባል ሰማሁ። ተበድረንም ቢሆን አዲስ አበባ እንውሰደው? በደም የሚታይ ከሆነስ በዘር ይመጣል ማለት ነው? እኔም ልጆች አሉኝ።
እህቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን አይበደሩ። የአንድን ሰው ደም አይቶ «ይህ ድባቴ ነው፣ ይህ ባይፖላር ነው» የሚል፣ ሐኪም ተማምኖበት መድኃኒት የሚያዝበት ምርመራ ደሴም የለም፣ አዲስ አበባም የለም። ወንድምዎን ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ። ሳምንት አይጠብቁ፤ ገበያውም ሥራውም ይለፍ።

ከጥያቄው ሥር ያለው ፍርሃት ይገባኛል። ላብራቶሪ የሚያወጣው ወረቀት «ወንድምሽ አላበደም» እንዲልልዎ ነው የፈለጉት። ወረቀቱ ይህን ባይልም እኔ ልንገርዎ፤ ባይፖላር ቢሆን እንኳ ሰፈር «አበደ» ብሎ ሰውን የሚያወጣበት ነገር አይደለም። ስሜት ለሳምንታት ወይም ለወራት ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ ሌላ ጊዜ ከልክ በላይ የሚወርድበት፣ በመካከሉ ደግሞ ሰውየው ራሱን ሆኖ የሚኖርበት ሕመም ነው። መድኃኒቱን በደንብ የያዘ ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ልጅ ያሳድጋል።

የሰሙት ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነበር። እንግሊዝ አገር ውስጥ ባለፉት አምስት ዓመታት ድባቴ አለባችሁ የተባሉ ሰዎች ረጅም መጠይቅ በኢንተርኔት ሞሉ፤ ጣታቸውን ወግተውም የደም ጠብታ ወረቀት ላይ አድርቀው ላኩ። ለመጨረሻው ትንታኔ ከተመረጡት 241 ሰዎች ደም ውስጥ ከ600 በላይ ንጥረ ነገሮች ተለኩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሴራማይድ በሚባሉ የስብ ዓይነቶች ላይ ነው። ውጤቱን ግን ልብ ይበሉ፤ ደሙ ብቻውን መለየት የቻለው ከባይፖላር ታማሚዎቹ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ነው። ከአሥሩ ሰባቱን ይስታል ማለት ነው። የተሻለ የሠራው ከመጠይቁ ጋር ሲጣመር ነበር። ደም መርማሪዎቹ ራሳቸው ሰውየውን መጠየቅን አልተዉም።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የብዙ ድባቴ ታማሚዎችን አማካይ ከብዙ ባይፖላር ታማሚዎች አማካይ ጋር ስናስተያይ ልዩነት ይወጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ ግን ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ሊያርፍ ይችላል። በደም ውስጥ ያለ ስብ ደግሞ በምግብ፣ በጾም፣ በሲጋራና በሚዋጠው መድኃኒት ይለዋወጣል። ከዚያ በፊት ብዙ ተስፋ የተጣለበት ቢዲኤንኤፍ የሚባለው ፕሮቲን በሁለቱም ሕመሞች ይቀንሳል፤ ሲአርፒና ኢንተርሊውኪን 6 የሚባሉት የብግነት ምልክቶች በሁለቱም ይጨምራሉ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሚሆን ነገር ሁለቱን አይለይም።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው መረጃ ያለው እናንተ ቤት ነው። ከሁሉ በላይ እንቅልፉ።

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የሚታለፈው እሱ ነውና። «እንቅልፍ አጣ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። በድባቴ የተያዘ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይሠቃያል። አልጋው ላይ ይገላበጣል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ጣሪያ ያያል፣ ሲነጋ ሰውነቱ ዝሏል። እንቅልፍ ፈልጎ አላገኘም። ወደ ማኒያ፣ ማለትም የባይፖላር ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ ወደሚወጣበት ሁኔታ፣ የሚሄድ ሰው ግን እንቅልፉን አይፈልገውም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ተኝቶ ይነሣል፣ ልብስ ያጥባል፣ ስልክ ይደውላል፣ የንግድ ዕቅድ ያወጣል፤ በማግስቱም አይደክመውም። ቤተሰቡ ሲዝል እሱ ይበረታል። ስለዚህ ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲል «አይተኛም» ብለው ዝም አይበሉ። በስንት ሰዓት ይተኛል፣ በስንት ይነሣል፣ ቀን ያንቀላፋል ወይስ አያንቀላፋም፣ ስንት ቀን ሆነው? እንዲህ ያለው ጉልበትና የስሜት ከፍታ በተከታታይ አራት ቀን ከቆየ ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ ይጠረጠራል። ሳምንት ከሞላ፣ ወይም ቀኑ ሳይሞላም ሆስፒታል መተኛት ካስፈለገ፣ ማኒያ ይባላል።

ፍሉኦክሰቲን ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይነሣል፣ ያቁነጠንጣልም። ያ ሰው ግን ይጨነቃል፣ ይደክመዋል፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይላል እንጂ ለማያውቀው ሰው ብር አያበድርም።

የጫትንም ነገር እንለይ፤ በእኛ አካባቢ ዋናው መሳሳቻ እሱ ነው። ምርቃና ወሬ ያበዛል፣ ዕቅድ ያስወጣል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ግን በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፣ ድካምና ድብርት ተክቶ ይሄዳል። ሳይቅም በዋለበት ቀንም ያው ከሆነ ምርቃና አይደለም። ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ ጫትና የሌሊት ፈረቃ ሁለቱም እንቅልፍ ስለሚሰርቁ ማኒያን ይቀሰቅሳሉ። ወንድምዎ ከሌሊት ፈረቃ እንዲነሣ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቁለት። ጠበል ወይም ዱዓ የምትፈልጉ ከሆነ አልከለክልም፤ መድኃኒቱን አያስቋርጥ፣ ሌሊቱን የሚያስቆም ሥርዓትም አይሁን።

ወደ ኋላም ይመለሱ። ከዚህ ድባቴ በፊት፣ ምናልባት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥቂት እየተኛ ሳይደክመው የሰነበተበት፣ ከወትሮው ይልቅ ያወራበት፣ ያለ ልክ ያወጣበት ጊዜ ነበር? ታማሚው ራሱ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው እንደ ሕመም አይደለም፤ «ደህና የነበርኩበት ጊዜ» ብሎ ነው። ለሐኪሙም አይነግርም። ብዙ ባይፖላር ለዓመታት ድባቴ ተብሎ የሚታከመው በዚህ ነው። የሚያስታውሱት እናት፣ እህትና አብሮ አዳሪ ናቸው።

አሁን ስለ አሚትሪፕቲሊኑ። ለዚህ ነገር ትዕግሥቴ አጭር ነው። አሚትሪፕቲሊን የእንቅልፍ ኪኒን አይደለም፤ ያስተኛል፣ ግን ራሱ የድባቴ መድኃኒት ነው። የድባቴ መድኃኒት ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይኖር ለባይፖላር ሰው ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊያሻግረው ይችላል፤ በዚህ ረገድ አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹ ከፍሉኦክሰቲን ይብሳሉ። በዚያ ላይ ፍሉኦክሰቲን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን እንዳያስወግድ ስለሚከለክል በደም ውስጥ ያለው መጠን ይከማቻል፤ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። አሥር ቀን ሙሉ እሳት ላይ ጋዝ ስታርከፈክፉ ነበር። ጎረቤት ኪኒን አታዝም። ያለ ማዘዣ የሸጠም ጥፋት አለበት፣ የሰጣችሁትም እናንተ ናችሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይስጡት፤ ፍሬውን ግን አይጣሉ፣ ለሐኪሙ ያሳዩት። የነገውን ፍሉኦክሰቲንም ሐኪሙ እስኪያየው ያዘግዩ፤ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ አንድ ቀን ቢዘለል ጉዳት የለውም። የቀሩትን ኪኒኖች በሙሉ ቆልፉባቸው። ስሜቱ ሲወርድ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ትራስ ሥር የተቀመጠ አሚትሪፕቲሊን ገዳይ ነው።

ይህን የምለው ላስደነግጥዎ አይደለም። እንዲህ ያለ ከፍታ ቶሎ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። በደብዳቤ ላይ ተመሥርቼ ባይፖላር ነው አልልም፤ የሚለየው ሐኪሙ አይቶት ነው። በመጀመሪያ ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል ሊሰጠው ይችላል። ሃሎፔሪዶል በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገቱ ወይም መንጋጋው ቢጣመም መንፈስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ውጤት ነው፣ በመርፌ ቶሎ ይፈታል፣ ወዲያው ይመለሱ።

ደሙ ጭራሽ አይመርመር ማለቴም አይደለም። ሐኪሙ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ሊያዝ ይችላል። እነዚህ ባይፖላርን አያሳዩም፤ ሌላ በሽታ መልኩን ለውጦ እንዳይሸውደን፣ መድኃኒቱም እንዳይጎዳው ነው። ስሜትን የሚያረጋጋው ሊትየም የሚባል መድኃኒት ከተጀመረ ደግሞ ደም መመርመር ግድ ይሆናል። መጠኑ የሚለካው ከተጀመረ ወይም ከተለወጠ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ፣ የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በ12ኛው ሰዓት ነው። ማታ በሦስት ሰዓት ከዋጠ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቀዳል፤ የጠዋቱን ኪኒን ከቀዱለት በኋላ ይዋጥ። አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊ ሞል ነው፤ ከ1.5 በላይ መርዝ ይሆናል። በኮምቦልቻ ሙቀት ላብ፣ ተቅማጥ፣ ውኃ የሌለበት ጾም፣ ለራስ ምታት የተዋጠ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሁሉ መጠኑን ከፍ ያደርጋሉ። እጁ በኃይል ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስታውክ፣ ምላሱ ቢተሳሰር ወይም ሲራመድ ቢንገዳገድ ኪኒኑን አቁመው የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል።

ስለ ልጆችዎ፦ ዘር ድርሻ አለው፣ ፍርድ ግን አይደለም። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ባይፖላር ያለበት ሰው ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆን ዕድል አለው፤ ከአሥሩ ቢያንስ ዘጠኙ አይያዙም ማለት ነው። ለእህት ልጆች ከዚያም ያንሳል። ለእነሱ ዛሬ የሚደረግ የደም ምርመራ የለም፣ አያስፈልግምም።

ነገ መጀመሪያ መድኃኒቱን ያዘዘለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እዚያ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ከሌለ ወደ ደሴ ሪፈር ያጽፉ፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለመድረስ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ወደ 400 የሚጠጋውን የአዲስ አበባ መንገድ ትተውታል። የኪኒኖቹን ሁሉ ማሸጊያ፣ የድሮ ካርዱን፣ ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፉና የጫት ቀኖቹ የተጻፉበትን ወረቀት ይያዙ። አብሮት የሚያድረው ሰው አብሮ ይምጣ። ሐኪሙን ለብቻዎ ሁለት ደቂቃ ያነጋግሩ፤ ስለ ብሩ በፊቱ ከተነሣ ይቆጣል።

አልሄድም ካለ አትከራከሩት፣ «ታመሃል» አትበሉት፣ ሌላ ቦታ ነው ብላችሁም አትዋሹት። «ሌሊት አልተኛህም፣ ለእንቅልፍህ ሐኪም ይይህ» በሉት፤ እውነት ነው፣ አብዛኛውም በዚህ ይስማማል። የሚሰማው አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ይጥሩ። ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ሰው ሊመታ ከተነሣ፣ ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ ወይም ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ግን የእሱን እሺታ አይጠብቁ፤ ሁለት ሰው ይዘው ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።