ነጩ አበባ አላለቀም ላልሽው እህት

እህቴ፣ «በሠርጌ የተሰጠኝ የውሃ ቀለም ሥዕል ላይ አበቦቹ ነጭ ወረቀት ሆነው ቀርተዋል፤ ፍሬም ሳስገባው ላስጨርሰው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳታስነኪው! እዚሁ ጅማ አስነክቼ ያጣሁትን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ነጩን ተመልከቺ። በውሃ ቀለም ሥዕል ነጩ ሠዓሊው ሳይነካ የተወው ወረቀት ነው። ብርሃን በሥሡ ቀለም ውስጥ አልፎ ከወረቀቱ ስለሚመለስ አበባው ከውስጡ የበራ ይመስላል። አንዴ ቀለም ከፈሰሰበት ያ ንጣት አይገኝም፤ ስለዚህ ከተቀባው ይልቅ የተተወው ነው ብዙ ጥንቃቄ የጠየቀው።

2. ፍሬም ሠሪው ዘንድ ዝም እንዳትዪ። እኔ ዝም አልኩ። ታናሽ እህቴ የቡና አበባ በብርጭቆ አድርጋ ሥላልኝ ነበር። እንደምታውቂው የቡና አበባ ዝናብ ሲያገኝ ባንድ ጊዜ ፈክቶ በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ እሷም ከጓሯችን ቀጥፋ፣ ሳይጠወልግ ልድረስበት ብላ ከጠዋት እስከ ማታ ሳትነሣ ነው የሠራችው። በአንዷ አበባ ጠርዝ ላይ እንደ ጢስ የቀጠነ ግራጫ ነበረ። አምስቱን ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች ከነጩ ወረቀት የለየው እሱ ብቻ ነበር።

ባለሱቁ «ነጩን ረስተውታል፣ ልሙላልዎት?» አለኝ፤ እሺ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ የበር ቀለም የመሰለ ነጭ ዘይት ቀለም ለጥፎባቸዋል። አቧራውንም በእርጥብ ጨርቅ ስለጠረገው የቅጠሉ አረንጓዴ ብርጭቆው ላይ ወርዷል። የውሃ ቀለም የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው፤ ከደረቀም በኋላ ውሃ ያሟሟዋል። ስቆጣ «ውሃ ሲነካው የሚለቅ ሥዕል ምኑ ሥዕል ነው?» ብሎኝ ሒሳቡን ሳይቀንስ ተቀበለ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. በሚቀጥለው ዓመት ቡናው ሲያብብ እህቴ ሌላ ሠራችልኝ። በዚህኛው ጊዜ አናጺው አጠገብ ቆሜ ነው ያሠራሁት። የጅማ ክረምት እርጥበት ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር እንዳያጣብቀውና እንዳያሻግተው በመካከላቸው ወፍራም የካርቶን ጠርዝ አስገባን። የሰቀልኩትም ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ነው፤ በተለይ አንዳንድ ቀይና ሮዝ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጠገቡ አስጠግቼ ያንን ግራጫ አሳያለሁ።

አንቺም ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይዘሽው በነጩ ዳር ያለውን ቀጭን ጥላ ፈልጊ። ስታገኚው ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።