ጋራዥ በሌለበት መኪና ሲበላሽ፦ ከአርቦሬ መንገድ የተማርኩት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአሮጌ ላንድ ክሩዘር 78 ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ከአርባ ምንጭ በኮንሶ አድርገህ ቱርሚ ልትወርድ ነው። «ጋራዥ በሌለበት ቢበላሽብኝ፣ በእጄ ባለው ነገር ምን ምን መሥራት እችላለሁ? የቱስ ያስኬደኛል?» ነው ያልከው። እኔ ለ14 ዓመት ቱሪስት ይዤ በዚያ መስመር ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። የመንገድ ላይ ጥገና መኪናውን እስከሚቀጥለው ከተማ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ከተማ ስትገባ እዚያው ፈትተህ በትክክል ታሠራዋለህ። ይህን አጥብቄ የምልህ በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው።

ከአርቦሬ ወደ ቱርሚ በሁለት መኪና እየሄድን ነበር። መንገዱን የሚያቋርጡ አሸዋማ ደረቅ ወንዞች አሉ። ከአንዱ ወንዝ ስንወጣ ከኋላ በኩል «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መኪናው በግራ በኩል ዘመመ። ሌላውን መኪና የሚነዱት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። ወርደው ስር ስር አላዩም። መጀመሪያ ያዩት ጎማውን ነው። በጎማውና ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል ጣታቸውን አስገቡ። ከፊት በኩል አራት ጣት ይገባል፣ ከኋላ ግን ሁለት ጣት እንኳ አይገባም። «ልጄ፣ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ዋናው ባሌስትራ ነው የተሰበረው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አክስል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ነው፣ ባሌስትራ ደግሞ መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት። ከተደራረቡት ባሌስትራዎች የላይኛው፣ ሁለት ጫፉ ሻንሲው (የመኪናው የታች የብረት አጽም) ላይ የሚታሰረው፣ ከአክስሉ ፊት ለፊት ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ከታች ያሉት አጫጭሮቹ ክብደት ያግዛሉ እንጂ አክስሉን አይጎትቱም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ክብደቱን የሚሸከም ነገር ማስገባትና አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ማሰር።

ሰውና ዕቃ ሁሉ ወደ ሌላው መኪና ዞረ። የቆሙትን ጎማዎች በድንጋይ አስደገፍን። ክሪኩን ሻንሲው ስር አስገብተን አነሳን። ከብት የሚጠብቁ ወጣቶች የወደቀ ደረቅ ግራር አሳዩን። ጋሼ ከግንዱ ሁለት ስንዝር የሚሆን ቆርጠው ከላይም ከታችም ጎድጎድ አደረጉት። አንዱ ጉድጓድ አክስሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ሻንሲውን ይይዛል። እርጥብ እንጨት እንዳትጠቀም፣ ይጨፈለቃል። ከዚያ የጎማ ማውጫውን ብረት ስብራቱ ላይ፣ ወጌሻ የተሰበረ እጅ ላይ እንደሚያስረው እንጨት፣ አጋድመን አሰርነው። ማሰሪያው ሽቦ አልነበረም። አሮጌ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ውስጥ የሚነፋው ቱቦ ነው። በሁለት ጣት ስፋት እንደ ጥብጣብ ቀድደህ፣ እስኪቀጥን ድረስ እየወጠርክ ትጠመጥማለህ። ሽቦ መኪናው ሲንገጫገጭ ይላላል ወይም ይበጠሳል። ጎማ ግን እየተሳበ ስለታሰረ ሁልጊዜ ይጨብጣል። በመጨረሻ አክስሉን በሰንሰለት ወደ ፊት ስበን፣ ባሌስትራው ከፊት በኩል ሻንሲው ላይ ከሚታሰርበት ቦታ ጋር አገናኘነው።

ከዚያ በኋላ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሳናልፍ ሄድን። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆመን እንጨቱን በእጄ ነካሁት፣ ሰንሰለቱን አየሁት። ማታ ቱርሚ ገባን። በማግስቱ በዝግታ ጂንካ ደረስንና ባሌስትራው ተቀየረ።

አሁን ያየሁት ያልኩህን ልንገርህ። በሌላ ጊዜ ሌላ ሾፌር ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። በእንጨት አስሮ ከተማ ገባ። መኪናውን ያሰማራው ድርጅት ግን «እየሄደ አይደል? እንግዶቹን ሳትጨርስ ጋራዥ አትግባ» አለው። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ እንጨቱ ወለቀ። አክስሉ ሸሸና ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ጎማ ቱቦ በጠሰው። ፔዳሉ ወለል ነካ። የቀረለት የፊቱ ፍሬን ብቻ ነበር። በማርሽ እየያዘ፣ የመንገዱን ጥግ እያሸ አቆመው። ሰው አልሞተም። ግን ያ ልጅ ከመኪናው ሲወርድ እግሩ አልጸናለትም። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጥገናው ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሦስት ቀን እንዲሠራ ያስገደዱት ሰዎች ናቸው ያጠፉት።

ወደ ሌሎቹ ልለፍ።

ራዲያተር ካፈሰሰ፣ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ። ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መዳቡ ራዲያተር ከሆነና ቀዳዳው ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች አንዱ ላይ ከሆነ፣ ያንን ቱቦ ከቀዳዳው በላይና በታች በፒንሳ ቆንጥጠህ አጥፈው። አንድ ቱቦ ቢዘጋ ራዲያተሩ አይጎዳም። ከዚያ ክዳኑን ላላ አድርገህ ግጠመው። ግፊት ስለማይፈጠር ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው። ግን ዋጋ አለው። ክዳኑ ጥብቅ ሲሆን ውሃው የሚፈላው ዘግይቶ ነው። ሲላላ እንደ ድስት ውሃ ይሆናል። ድስት ደግሞ እንደ ከፍታው ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቆላ ላይ ያስኬደህ ጥገና ወደ ኮንሶ ስትወጣ፣ ከዚያም በላይ ወደ ደጋ ስትወጣ ያፈላብሃል። ስለዚህ ዳገቱን በዝግታ፣ ጠዋት በማለዳ ውጣው። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው። ልጆቹ ይሞቃቸዋል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል።

እንቁላል ወይም በርበሬ ራዲያተር ውስጥ ጨምሩ የሚሉህ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ቀዳዳውን ሲደፍን ጤነኞቹን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል።

ሰርባቶዮ (የናፍታ ታንኩ) በድንጋይ ተመትቶ ናፍታ ካንጠባጠበ፣ መፍትሔው የልብስ ሳሙና ነው። ደረቁን ሳሙና በእጅህ አሽተህ እንደ ሊጥ አድርገውና ስንጥቁ ላይ በኃይል እየጫንክ እሸው። ናፍታ ሳሙና አያሟሟም። ውሃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ ወንዝ ካቋረጥክ ወይም ዝናብ ከመታህ ቆመህ ድገመው። ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ማጣበቂያ ካለህ፣ ሳሙናው ፍሳሹን ካቆመልህ በኋላ ዙሪያውን ጠርገህ ከላይ ደርበው።

መኪናው ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ናፍታው አየር ስቧል። የናፍታ ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫን ፓምፕ አለ። እስኪጠነክርብህ ድረስ ጫነው። ከተነሳ በኋላ እንደገና ከጠፋ ግን ከሰርባቶዮው የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ተከተለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ አስገባውና በፋሻታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አጥብቀው። አለቀ።

ጎማ በእሾህ ከተበሳ ቀላል ነው፣ መሰኪያ ያዝ። ጎኑ ከተቀደደ ግን መሰኪያ አይሠራም። ከአሮጌ ጎማ አንድ መዳፍ የሚያህል ቁረጥና ጠርዙን በቢላ አሳሳው። ካላሳሳኸው ካላማዳሪያውን ይበላዋል። ቀዳዳው ላይ ከውስጥ አስቀምጠህ ካላማዳሪያ ጨምርበትና ንፋው። ይህን ጎማ ከኋላ እሰረው፣ ፊት ላይ በፍጹም። በሰዓት ከ40 በታች ንዳ። ሁለት ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ይዘህ ከሄድክ ይህ ሁሉ ላያስፈልግህ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስበውን ደግሞ ልንገርህ። መኪናህ ፎር ባይ ፎር መሆኑ ራሱ መለዋወጫ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ ካርዳን ይባላል፤ መጋጠሚያው፣ ክሮቼራው፣ ቢሰበር እዚያው አትቀርም። ካርዳኑን ከሁለቱም ጫፍ ቡሎኑን ፈትተህ አውጣውና ጭነው። የፊት ጎማዎቹ መሃል ያሉትን ሎኮች እሰር፣ ፎር ባይ ፎር አስገባ። መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይሄድልሃል። አስፋልት ላይ ፎር ባይ ፎር አይነዳም የሚለው ነገር እዚህ አያሳስብህ፣ እየነዳ ያለው የፊቱ ብቻ ነውና። ዳገት ላይ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። አሸዋም አትድፈር።

በሁለት ባትሪ ብየዳ የሚሠሩም አሉ። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አያይዘው፣ በዱላ ብየዳ የተሰነጠቀ ብረት ሲያያይዙ አይቻለሁ። ይሠራል። ባትሪ ግን የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፣ ብርሃኑም ዓይን ያጠፋል። ካልተማርከው ልጆች ባሉበት አትሞክረው።

ፍሬንና መሪን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። የፍሬን ቱቦ ከተበጠሰ ወይም የመሪ ዘንግ ከወለቀ፣ ቤተሰብ ጭነህ በሽቦ አስረህ አትሂድ። ቁም። ጥላ ፈልግ፣ ውሃ አጠጣቸው፣ የሚያልፍ መኪና ጠብቅ። በዚያ መንገድ ሾፌር ሾፌርን ጥሎ አያልፍም። እኔም አንድ ጊዜ ወይጦ አካባቢ ከሰዓት እስከ ማታ ጠብቄ የማላውቀው አይሱዙ ሾፌር ነው ያደረሰኝ።

ስትነሳ ይህን ያዝ፦ ሁለት አሮጌ ካላማዳሪያ፣ ሰንሰለት ወይም የመኪና መጎተቻ፣ ወፍራምና ቀጭን ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ብዛት ያለው ፋሻታ፣ ሁለት የልብስ ሳሙና፣ ማጣበቂያ፣ መለዋወጫ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ገጀራ። ክሪክ ስር የሚደረግ ሰፊ ጣውላም አትርሳ፣ አሸዋና ጭቃ ላይ ክሪክ ብቻውን ይሰምጣል። ውሃ ለመኪናው ለብቻው 20 ሊትር፣ ለልጆቹ ለብቻው ያዝ። ሁለቱን አታቀላቅል፣ ራዲያተር ሲያፈስ ሰው የመጠጥ ውሃውን ነው የሚያፈስበት።

አሁን ሁለት ነገር ጻፍልኝ። መኪናው 12 ቮልት ነው ወይስ 24? የኋላ ባሌስትራው ተቀይሮ ያውቃል? ከመነሳትህ በፊት ስሩ ገብተህ ባሌስትራው ላይ ቀጭን የዝገት መስመር እንዳለ እይ። ካለ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።