ስብከት ያልበዛበት ተከታታይ መንፈሳዊ ልቦለድ ለጠየቁት

ታሪኩ የሚይዝ፣ ስብከት ያልበዛበት ተከታታይ መንፈሳዊ ልቦለድ ከፈለጉ፣ ሳላመነታ የምጠቁምዎ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የፍራንሲን ሪቨርስን «የአንበሳው ምልክት» ነው። ሦስት መጻሕፍት ናቸው፤ የመጀመሪያው የታተመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ የሚነሣው በ70 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም በሮማውያን እጅ ስትወድቅ ነው። ሐዳሳ የምትባል አይሁዳዊት ክርስቲያን ቤተሰቧን አጥታ በባርነት ትሸጥና ሮም ውስጥ የአንዲት ቅምጥል ወጣት አገልጋይ ትሆናለች። እኔን የማረከኝ ፍርሃቷ ነው። እምነቷን መግለጽ የሚያስጨንቃት፣ ድፍረት ስጠኝ እያለች በድብቅ የምትጸልይ ልጅ ናት እንጂ እንደ ብዙዎቹ መንፈሳዊ ልቦለዶች ጀግና ሆና አልተወለደችም። የግላዲያተሩ (ለሕዝብ መዝናኛ የሚፋለመው ተዋጊ) የአትሬቴስ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የተለጠፈ ሊመስልዎ ይችላል፤ ይታገሡት፣ ሦስተኛው መጽሐፍ የእሱ ነው። ብቻ ሁለተኛውን ሳያዘጋጁ አንደኛውን እንዳይጨርሱ፤ አጨራረሱ እንቅልፍ ይነሣል።